መብራቱን የሚይዘው ሰው

ልጄ አንድ ሥራ ይዞ አይጨርስም ብዬ ዘመኔን ሙሉ ስቆጣው ኖሬአለሁ። እሱ ገዳሪፍ ተወልዶ ገዳሪፍ ያደገ ነው። እኔ ከመተማ በኩል ተሻግሬ፣ ሰሊጥ አጭጄ፣ ትራክተር ሥር ተኝቼ፣ ፊደልንም ሞተርንም ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሰው ነኝ። የያዝኩትን ሳልጨርስ አልነሣም። እሱ ግን ዛሬ ፊልም ያነሣል፤ ሌላ ጊዜ ጆንያ ወጥሮ በከሰል የሰው ፊት ይሥላል፤ ደግሞ ስልኩን ይዞ ወደ ስደተኞች ካምፕ ይሄድና ከትግራይ የመጡ እናቶች ልጅ ሲያባብሉ የሚያዜሙትን ይቀዳል። ግጥምም ይጽፋል፤ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ዐረብኛ። ስቆጣው «ያ አቡይ፣ ሁሉም እኮ አንድ ሥራ ነው» ይለኛል፤ አባቴ ማለቱ ነው። እኔ አንድ ሥራ የምለው ዲናሞ ስጠቀልል ነው። ሽቦው መጀመሪያ አለው፣ መጨረሻ አለው፤ ሲያልቅ ሞተሩ ይዞራል ወይም አይዞርም።

ያም ሆኖ አንድ ፊልም ሠራ። ሁለት አጨዳ ሙሉ ፋሽጋ ሜዳ ላይ ከጎንደር ከሚመጡት የቀን ሠራተኞች ጋር እየበላ፣ እየተኛ ያነሣው ነው። የታጨደ ሰሊጥ ታስሮ እንዲደርቅ እርስ በርሱ ተደግፎ ይቆማል፤ ክምሩን ሂላ እንለዋለን። ደርቆ አፉን ሲከፍት ሸራ ይነጠፍና ነዶው እየተገለበጠ ይራገፋል። ልጄ ሸራው ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ ሰሊጡ ፊቱ ላይ እየዘነበ፣ የሚያራግፉትን ልጆች ፊት ከሥር ወደ ላይ አነሣ። ሥራ የሚያውቅ ሰው ሸራ ላይ አይተኛም፤ እህል ያባክናል። ሠራተኞቹ ግን ታገሡት፤ ወደዱትም።

እውነቱን ልናገርና እኔ ፊልሙን አልወደድኩትም። ንግግር የለበትም፤ ታሪኩ ከየት እንደሚነሣ አይታወቅም። መጀመሪያ ያየሁ ቀን መሀል ላይ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ሰዎች ግን ደግመው ደግመው እንዲያሳያቸው ይጠይቁት ነበር። እዚያ ውስጥ ከሚታዩት ልጆች ብዙዎቹ ከአጨዳው በኋላ አልፈው ሄደዋል። ከፊሎቹን ጦርነቱ ካርቱም ላይ አገኛቸው፤ ከፊሎቹ ወደ ሊቢያ በረሃ ገብተው ድምፃቸው ጠፋ። ልጄ ግቢያችን ውስጥ አንሶላ ወጥሮ ሲያሳይ አንዲት ሴት ተነሥታ የልጇን ጉንጭ ልትነካ እጇን ስትዘረጋ፣ ፊቱ ከአንሶላው ወርዶ በእጇ ጀርባ ላይ ሲያርፍ አይቻለሁ። ያን ዕለት እንቅልፍ አልያዘኝም።

ከሰፈራችን ከፍ ብሎ ቪዲዮ ቤት ያለው ሰው አለ። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ በቀትርም ጨለማ ነው። ኳስና የህንድ ፊልም ያሳያል። እኔና እሱ በአንድ ዓመት የተሻገርን፣ የአንድ እድር ሰዎች ነን። ልጄ ሕፃን ሆኖ ትኩሳት ሲጥለው ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሰው እሱ ነበር፤ ይህ የማልፈው ነገር አይደለም። ዓርብ ዓርብ ሰው ወደኛ ግቢ ሲያዘነብል የሱ ቤት ባዶ ይሆን ጀመር። አንድ ዓርብ ራሱ መጥቶ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየ። ባለቤቴ እራት አቀረበች፤ ከኔ ጋር ከአንድ ትሪ በላ። ሲወጣ ልጄን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ወላሂ፣ አንተ ትልቅ ሰው ትሆናለህ» አለው።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጄ ከሾዋክ ከተማ ሲመለስ አንድ ኬላ ላይ ከባስ አወረዱት። ይህ ጦርነት ከመጣ ወዲህ እዚህ አገር ካሜራ ይዞ መንገድ መውጣት ጠመንጃ ይዞ ከመውጣት ይከፋል። ካሜራውን፣ ፊልሙ ያለበትን ዲስክና ቅጂውን ሁሉ በአንድ ቦርሳ ይዞ ነበር። በክረምት የቤታችን ጣሪያ ስለሚያፈስ «ከኔ ጋር ቢዞር ይሻላል» ይል ነበር። «ጃሱስ» አሉት፤ ሰላይ ማለታቸው ነው። ለሳምንታት የት እንዳለ ሳናውቅ ቆየን። እናቱ ከበሩ አልተነሣችም። እኔ ከቢሮ ቢሮ እየዞርኩ የሰው ፊት አየሁ። ሲለቁት ከስቶ፣ አንድ ጆሮው አልሰማ ብሎት፣ ባዶ ቦርሳውን ታቅፎ መጣ። ፊልሙ አልተመለሰም፤ ጠፍቷል፣ አትጠይቅ ብለውታል።

ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ አንድ ጠዋት ወደ መሥሪያዬ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ስለ ድልድዩ ነገረኝ። በፊልሙ ውስጥ ሠራተኞቹ ማለዳ የድንበሩን ድልድይ ሲሻገሩ የሚታዩበት ቦታ አለ። ወታደሮቹ ገና ከባስ ሲያወርዱት፣ ካሜራውን ሳይከፍቱ፣ «ድልድዩን ለማን ብለህ ነው ያነሣኸው?» ብለው እንደጠየቁት ነገረኝ። ድልድዩ ፊልሙ ውስጥ መኖሩን እኔ ግቢ ተቀምጦ ካየ ሰው በቀር ማንም አያውቅም። ልጄን የሰጠው እኔ ያበላሁት ሰው ነው ማለት ነው፤ በኛ ፊልም ምክንያት ቤቱ ባዶ የቀረበት ባለ ቪዲዮ ቤቱ።

ሰው ይሰርቃል፤ ርቦት ሊሆን ይችላል። ሰው ይማታል፤ ደሙ ፈልቶ ሊሆን ይችላል። የጎረቤቱን ልጅ ለወታደር ሹክ የሚል ግን ተረጋግቶ፣ አስቦ፣ ሻሂውን እያማሰለ ነው የሚያደርገው። እንዲህ ያለውን ሰው ይቅር ማለት ደግነት ነው የሚሉኝ አሉ። እኔ ደግነት አልለውም፤ ስንፍና ነው። በዳይ ካልከፈለ የሚከፍለው ሌላ ልጅ ነው።

ወደ እድራችን ዳኛ ሄጄ አውጫጭኝ ይቀመጥልኝ አልኩ። ያገሬ ሰው ከብት ሲነዳበት ወይ ቤት ሲቃጠልበት የሚያደርገው ነው። አካባቢው ሁሉ ይምላል፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ዳኛው ጓዳ ይቀመጥና ሁሉም ተራ በተራ እየገባ የሚያውቀውን ይነግረዋል። ያወቀም ያላወቀም ስለሚገባ ማን እንደተናገረ አይለይም፤ የተናገረው ሰው «ወፍ» ይባላል። ከዚያ ዳኛው ወጥቶ መጀመሪያ ድርጊቱን ብቻ ይናገራል፤ ስም አይጠራም። አጥፊው በራሱ ከተነሣ ቅጣቱ ይቀልለታል። ካልተነሣ ስሙ ይጠራና ሙሉውን ይቀበላል። ዳኛው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ይህን ነገር ሱዳን ምድር ላይ አድርገውት አያውቁም። ትንሽ አመነቱ፤ ኋላ ግን ያን ዓርብ ግቢዬ የነበሩትን ሁሉ ጠሩ።

ዳኛው ግቢ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ከጠዋት ተቀመጥን። ቀትር ሆነ። ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ የሚነዱት ገበያ ቀረብን ብለው አጉረመረሙ። አንዱ «ወፏ ዐረብኛ ብቻ ከሆነ የምትችል እስከ ማታ መቀመጣችን ነው» ብሎ አሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ የባለ ቪዲዮ ቤቱን ፊት ነበር የማየው። ሰውየው ሲገባም ሲወጣም ተረጋግቶ ነበር፤ ሲመለስ እንዲያውም አጠገቡ ላለው ሰው ቦታ ለቀቀለት።

በመጨረሻ ዳኛው ወጡ።

«ወፏ ተናግራለች» አሉ። «ልጁ በተያዘበት ሳምንት ሾዋክ መናኸሪያ ላይ ከወታደሮች ጋር ሻሂ የጠጣ፣ የድልድዩን ነገር ያነሣ ሰው ከመሀላችን አለ። ይነሣ።»

ሰውየው ዝም ለማለት ከፈለገ ስሙ እስኪጠራ ድረስ ዝም ማለት ነበረበት። ቢነሣ ቅጣቱ ይቀልለት ነበር። እሱ ሁለቱንም አላደረገም። ያገሬ ሰው በነገር ሲነካ አፉን መያዝ አይሆንለትም፤ ተከራክሮ የሚረታ ይመስለዋል።

«ሻሂ መጠጣት ከመቼ ወዲህ ነው ወንጀል የሆነው?» አለ ባለ ቪዲዮ ቤቱ፣ እንደተቀመጠ።

«አንተን ማን ጠራህ?» አለው ከኋላ ያለ ሰው።

«ሰው መቼም ተቀምጦ አይከራከርም» አለ ሌላው። «ወይ ተነሥ፣ ወይ ዝም በል።»

ግማሽ ያህል ተነሣ። «እኔ ስለ ካሜራው ነው የነገርኳቸው፤ ስለ ልጁ አንዲት ቃል አልወጣኝም» አለ።

«ካሜራው ብቻውን ነው እንዴ ባስ የተሳፈረው?» አሉት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። የሚያስደስት ሳቅ አልነበረም። እኔን ግን እስከ አጥንቴ ድረስ ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። ልጄ ከመጣ ወዲህ የመጀመሪያዬ ደስታ ነበር።

ዳኛው ምን ይካስህ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። የምለውን ቀድሜ አውቀው ነበር።

«ከእድሩ ይውጣ» አልኩ። «ደስታው ላይ አንገኝ። ሲታመም አንጠይቀው። ሲሞት አንቅበረው።»

በሰው አገር የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እዚህ ዘመድ የለንም፤ ያለን ስንሞት አልጋችንን የሚሸከሙልን ሰዎች ብቻ ናቸው። ሰውየው ያን ጊዜ ነው ፊቱ የጠቆረው። ዳኛው ግን የተበደለው ልጁ ስለሆነ የመጨረሻው ቃል የሱ ነው አሉ።

ልጄ ተነሣ። በደህናው ጆሮው ለመስማት አንገቱን ዘንበል ማድረግ ጀምሮ ነበር።

«ቪዲዮ ቤቱን ዓርብ ከሰዓት ይስጠኝ» አለ። «መብራቱንም እሱ ይያዝልኝ። ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ።»

«የትኛው ፊልም?» አሉት ዳኛው።

«ያጠፋው።»

ማንም አልገባውም፤ እኔም አልገባኝም። ዳኛው ግን ከኔ ፍርድ ይልቅ የሱ ቀለላቸውና ተቀበሉት። ሰውየውም እየማለ ተቀበለ። ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ጮህኩበት። አሳልፎ የሰጠህን ሰው ሥራ ታስይዘዋለህ ወይ፣ ወንድ አይደለህም ወይ አልኩት። በራችን ላይ ስንደርስ ቆመ።

«አቡይ፣ አንተ የፈለግከው ሲሞት የሚያገኘውን ነው» አለኝ። «እኔ አሁን እንዲያገኘው ነው የምፈልገው።»

ያን ጊዜ ልጄን በእውነት የኔ ልጅ ነው አልኩ። ቆይቶ ግን ሌላም ነገር ጨመረበት፤ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በጨለማ ቤት መብራት ሲያስተካክል የኖረ፣ እጁ የተረጋጋ ሰው ነው አለኝ። ከሁለቱ የትኛው ልቡ ውስጥ እንዳለ እስካሁን አላውቅም። እኔ የመጀመሪያውን ይዣለሁ።

ፊልሙን በጥላ ሊሠራው ነበር ያሰበው። ካሜራ የለውም፤ ቢኖረውም ልጆቹ የሉም። ከባዶ የዘይት ቆርቆሮና ከጀሪካን ፕላስቲክ የሠራተኞቹን ቅርፅ ቀደደ፤ ፊታቸውን በከሰል ከሣላቸው ጆንያዎች ላይ እየገለበጠ። ከካምፕ የቀዳውን የእናቶች ዜማ ከሥር አደረገበት። የሰሊጡን ድምፅ በቆርቆሮ ሳህን ላይ ሰሊጥ እያፈሰሰ አወጣው። ግጥሞቹን ንግግር በሌለበት ቦታ አነበባቸው። እንዲያ በያለበት የጣለው ሥራ ሁሉ አንድ አንሶላ ላይ ሲሰበሰብ አየሁ፤ አይቼም ምንም አላልኩትም። ማመስገን አልለመድኩም፤ አሁን ብጀምር ራሱ ይደነግጣል።

ከዚያ መብራት እንድሠራለት ለመነኝ። ግድግዳ ላይ የሚቆም ሳይሆን በእጅ የሚያዝ። መብራቱ ወደ ቅርፁ ሲጠጋ ጥላው ይገዝፋል፣ ሲርቅ ያንሳል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ሰውየው የሚራመድ ይመስላል። «መብራቱ ካሜራዬ ነው» አለኝ። ከተሰበረ ትራክተር የፊት መብራት አወጣሁ፤ ባትሪው መሬት ላይ ሆኖ በሽቦ ይገናኛል። ለማቀፊያው ስስ ቆርቆሮ ነበረኝ። ስሱን ትቼ የማረሻ ብረት ቆረጥኩ። መያዣውንም ከዚያው ብረት በየድኩለት፤ ከሚያስፈልገው በላይ ወፍራም አድርጌ። ልጄ አንሥቶ መዘነው።

«ከበደ» አለ።

«ብረት ነው» አልኩት።

አየኝ። ቀላል አድርገህ ሥራልኝ አላለኝም።

የመጀመሪያው ዓርብ ቆርቆሮው ቤት እንደ ምጣድ ግሎ ነበር። አንሶላው መሀል ላይ ተወጥሯል። ሰው በዚያ በኩል ሞልቷል፤ ከካርቱም የተፈናቀሉ ሱዳኖች ሳይቀሩ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ነበር። በዚህ በኩል ልጄ ቅርፆቹን ይዞ፣ ሰውየው መብራቱን ይዞ፣ እኔ ባትሪውን እጠብቃለሁ ብዬ በተደፋ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ። ባትሪው ጠባቂ አያስፈልገውም። ከፊት ሆኜ ማየት የምፈልገው ነገር አልነበረም። የሰውየው ላብ ከክርኑ ሲንጠባጠብ፣ የክንዱ ሥር ሲገተር፣ እጅ ሊለውጥ ሲል ልጄ «ገና» ሲለው አየሁ። ጠግቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እናቱ ፊቴን አይታ ምን አገኘህ አለችኝ። ልጅሽ ጥሩ ሠራ አልኳት።

ዓርቦች አለፉ፤ ሰውየው መብራቱን ለመደው። ይህን አላሰብኩትም። መቼ እንደሚጠጋ፣ መቼ እንደሚርቅ ልጄ ሳይነግረው ማድረግ ጀመረ። አንዳንዴ ልጄ ያላሰበውን ያመጣል፤ ሂላው ሲራገፍ መብራቱን በጣቱ መታ መታ ሲያደርገው ጥላው ላይ ሰሊጥ የሚዘንብ መሰለ። ሰው ተገረመ። ሲወጡ «መብራቱ ዛሬ ግሩም ነበር» የሚሉ ሰማሁ። በፋሲካ ዳኛው ቤት ስንጋበዝ ከኔ አጠገብ አስቀመጡት፤ ታረቁ ለማለት ነው። ተነሥቼ ወጣሁ። ሰውየው ሽማግሌም ልኮብኛል። ያጠፋው ፊልም ሲመለስ እንነጋገራለን አልኳቸው። አይመለስም እኮ አሉኝ። እኔም እሱን ነው የምለው አልኳቸው።

ልጄ አንድ ቀን ሰውየውን በቃህ፣ ሂድ ይለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለም። በየዓርቡ አንድ ሰው ይጨምራል፤ ከሳላቸው ፊቶች አንዱን ይቀድድና ያስገባዋል። ያልሣላቸውን ዘመዶቻቸው ይነግሩታል፤ ፀጉሩ እንዲህ ነበር፣ ሲሄድ እግሩን ይጎትት ነበር ይሉታል። ፊልሙ የሚያልቅ አልመሰለኝም። ይህም ደስ አሰኘኝ።

ባለፈው ዓርብ መፋዛ ከሚባል ቦታ አንድ ሽማግሌ መጡ። ልጃቸው ፋሽጋ አጨዳ ላይ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ወሬው እንዳልተሰማ፣ እዚህ ቤት ይታያል ሲባል እንደመጡ ነገሩን። ፊልሙ ሳይጠፋ ዓይተውት አያውቁም። ልጄ ጆንያዎቹን ገልጦ አሳያቸው፤ አንዱ ላይ ቆሙ። ፊቱን በጎን ቀደደላቸው፤ አፍንጫውን፣ ከንፈሩን፣ ራሱ ላይ የጠመጠመውን ጨርቅ።

ትርኢቱ መሀል ሲደርስ ልጄ ያን ፊት አነሣ። ሰውየው መብራቱን አስጠጋ፤ የልጁ ፊት አንሶላውን ሞላው። በዚያ በኩል ሽማግሌው ተነሥተው ወደ አንሶላው ሲመጡ እግራቸው ተሰማን። አልነኩትም። ቆሙ። ከዚያ ቀስ ባለ ድምፅ፣ ሰው ቤት የገባ እንግዳ በሚናገርበት አኳኋን፣ «ትንሽ ያቆዩልኝ» አሉ።

ልጄ ቅርፁን ሳያንቀሳቅስ ያዘ። ዜማው አለቀ፤ አልቀየረውም። መብራቱ ቅርብ ስለነበረ ሰውየው ክንዱን ሙሉ ዘርግቶ፣ ብረቱን ከትከሻው በላይ አድርጎ ነበር መቆም ያለበት። እጅ ቢለውጥ ጥላው ይሰበራል። ቆየ። ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንሶላው ላይ የልጁ ከንፈር የሚናገር ይመስል ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ፊቱ ሁሉ ዝቅ ዝቅ ማለት ጀመረ። ሰውየው ዓይኑን ጨፈነ፤ ላብ ይሁን ሌላ አላውቅም፣ ፊቱ ረጥቦ ነበር። «አልቻልኩም» አለ፤ ከአፉ ሳይወጣ ማለት ይቻላል።

ልጄ ሁለቱም እጁ ተይዟል። ዞሮ አየኝና በአገጩ ወደ ሰውየው ክርን አመለከተኝ። ደግፈው ማለቱ ነው። እጆቼ ጉልበቴ ላይ ነበሩ፤ ምንም አልያዝኩም። ሁለት እርምጃ ያህል ብቻ ነበር የራቅሁት።

ሽማግሌው በዚያ በኩል አሁንም ቆመዋል።

ከአውጫጭኙ ቀን ወዲህ ለዚያ ሰው አንዲት ቃል ተናግሬ አላውቅም ነበር።

«ከፍ አድርገው» አልኩት።

ዓይኑን ከፍቶ አየኝ። እጄን ጠበቀ፤ እጄ እንደማይመጣ ሲያይ ጥርሱን ነክሶ መብራቱን ከፍ አደረገው፤ የልጁም ፊት ወደ ቦታው ተመልሶ ቆመ።